«የሠሩበት» ወይስ «ያሠሩበት»? በአንዲት ፊደል የተጣላን የጅማ ልጆች

የሂርማታው፦ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት መንገድ ዳር ይተከል ብለን ብር ያዋጣንበትን የሰሌዳ ጽሑፍ አያችሁት? «አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል መድፍን የሠሩበት ስፍራ» ይላል። የሠሩበት?! ያሠሩበት እንጂ! ሚሲዮኖቹ እነ ዋልድማየር ከአውሮፓ ወንጌል ሊያስተምሩ መጥተው፣ መድፍ መሥራት አናውቅም እያሉ በግድ ነው የሠሩት።

ቡና ቀማሽ፦ ወይ ጉድ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ጂሬን እየወሰድክ «አባ ጅፋር የሠሩት ቤተ መንግሥት ይኸውላችሁ» የምትለው አንተ አይደለህም? መጥረቢያ ይዘው እንጨት ሲፈልጡ አየሃቸው?

የሂርማታው፦ እሱ ሌላ ነው።

ቡና ቀማሽ፦ እንዴት ነው ሌላ የሚሆነው? የጅማ ሲሆን «የሠሩት»፣ የጎንደር ሲሆን «ያሠሩት»?

ፈረንጅ አራዳ፦ የሂርማታው ልክ ነው። ቤተ መንግሥት ያው ቤት ነው። መድፉ ግን የሚወራለት የማቅለጥ ጥበቡ ነው። ጥበቡ የማን ነው ሲባል መልሱ መቀየር የለበትም።

የመምህር ልጅ፦ ሰውየው ዝም ብሎ አዝዞ አልተቀመጠም እኮ። መድፉ 70 ኩንታል ግድም ነው። ከደብረ ታቦር መቅደላ ለመድረስ ስድስት ወር ገደማ ፈጅቷል። ገደሉ እየተናደ፣ መንገድ እየተጠረገ፣ ሰው በጠፍር እየጎተተ። ንጉሡ ራሳቸው ወርደው ድንጋይ ያነሱ ነበር። ይሄ ሥራ ካልተባለ ምን ይባላል?

ፈረንጅ አራዳ፦ መንገድ ጠረጉ በለኛ። መንገድ የጠረገ ሁሉ መድፍ ሠራ አይባልም 😂

ሰቶ ሰመሮ፦ እኔ የማይገባኝ ሌላ ነው። አባ ጅፋር ለምኒልክ ገብረው ጅማን ከጦርነት አተረፉ። የልጅ ልጆቻቸው ግን ለመድፍ ሰሌዳ እናዋጣለን። ያው ብር ለጂሬን ጣሪያ ቢሆን አይሻልም?

ቡና ቀማሽ፦ መጣ ደግሞ ይሄ። ከጀመርን ጀምሮ አንድ ብር ያላዋጣ ሰው ስለ ብር ባያወራ ደስ ይለኛል።

ሰቶ ሰመሮ፦ አዋጥቻለሁ! በእህቴ ስልክ ነው የላክሁት።

ጀማነሽ፦ «የሠሩበት» «ያሠሩበት» ስትሉ ዋላችሁ። እዚያ ከሰል ሲያከስሉ፣ ወናፍ ሲነፉ፣ ብረቱ እሳት ላይ ሲንተከተክ አጠገቡ የቆሙት ያገራችን ሰዎችስ? የሚሲዮኖቹን ስም ሁሉም ያውቃል። የእነሱን አንድ ስም የሚጠራ አለ? እኔ «የተሠራበት» ነው የምለው።

የሂርማታው፦ «የተሠራበት» ካልሽማ ማንም አልሠራውም ማለት ነው። ራሱን በራሱ ሠራ!

ጀማነሽ፦ ከአንተ «ያ» ይሻላል።

የመምህር ልጅ፦ ለማንኛውም ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ያለው ቅጂ ነው። እውነተኛው እስከ ዛሬ መቅደላ ተቀምጧል። ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 እዚያው ሞቱ፣ መድፉም እዚያው ቀረ።

ፈረንጅ አራዳ፦ ይሄን ማን ጠየቀህ?

የመምህር ልጅ፦ ባትጠይቁም እናገራለሁ።

ቡና ቀማሽ፦ ሰሌዳ ጸሐፊው ደውሏል። ቀለሙን በጥብጦ ነው የሚጠብቀን። የቱን ልበለው?

ጀማነሽ፦ የፊደሏን ቦታ ክፍት ይተዋት።

የሂርማታው፦ ክፍት ከተዋትማ እኔው ሄጄ በከሰል እሞላታለሁ።

ቡና ቀማሽ፦ ጋፋት ድረስ? ጂሬን ለመውጣት እንኳ ባጃጅ ካልመጣ የምትል!