ሜሪ ስቱዋርት «ንግሥት» ናት «እቴጌ»?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ስለ ስኮትላንዷ ሜሪ ስቱዋርት አንድ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። የስኮትላንድም የፈረንሳይም «ንግሥት» ነበረች ይላል። እንዳለ ልውሰደው?

መልስ፦ ተው ወንድሜ፣ እንዳለ አትውሰደው። ባለን ቃል እንጠቀም። በራሷ መብት የነገሠችው ንግሥት ናት። በባሏ ንግሥና ዘውድ የጫነችው እቴጌ ናት። ዘውዲቱን ንግሥተ ነገሥታት፣ ጣይቱን እቴጌ የምንለው ለዚህ ነው።

ሜሪ ሁለቱንም ሆናለች። በዲሴምበር 1542 ሊንሊትጎ ቤተ መንግሥት ተወለደች። በስድስተኛው ቀን አባቷ፣ የስኮትላንዱ ንጉሥ ጄምስ 5ኛ፣ ሞተ። አልጋው የእሷ ሆነ። ገና አራስ ቤት እያለች ንግሥት ናት ማለት ነው! ከዚያ በ1558 የፈረንሳዩን አልጋ ወራሽ ፍራንሷን አገባች። በ1559 እሱ ሲነግሥ እቴጌ ሆነች። በ1560 መጨረሻ እሱ ሲሞት እቴጌነቱ አበቃ፤ ንግሥትነቷ ግን ከባል የመጣ አይደለምና አልተነካም። በ1561 ባሕር ተሻግራ አገሯ ስትገባ 18 ዓመቷ ነበር። ሁለቱንም «ንግሥት» ብለህ ካለፍክ፣ በባሏ ሞት ምን እንዳጣችና ምን እንደቀራት አንባቢ እንዴት ይለያል?

ሌላ መልስ፦ ሐሳቡን ወድጄዋለሁ፤ ግን እቴጌ የንጉሠ ነገሥት ሚስት ማዕረግ ነው። ፍራንሷ ንጉሥ ብቻ ነበር። ዛሬ ዜናውም የንጉሥ ሚስትን «ንግሥት» ይላል። እኔ ብሆን «የፈረንሳይ ንጉሥ ሚስት» ብዬ በግልጽ እጽፈው ነበር።

መልስ፦ ልክ ነሽ እህቴ፣ ማዕረጉን ካጠበቅነው እንደዚያ ነው። ያንቺው ይሻላል። ዋናው ልዩነቱ አይጥፋ።

ጥያቄ፦ አመሰግናለሁ። ሕፃን ሳለች በስሟ ያስተዳደሩትስ? መጀመሪያ የአራን ባላባት ጄምስ ሃሚልተን፣ ከ1554 ጀምሮ ደግሞ እናቷ ማሪ ደ ጊዝ ናቸው። «ሞግዚት» ብያቸዋለሁ።

መልስ፦ በድሮ አማርኛ ያስኬዳል። የዛሬ የከተማ ሰው ግን ሞግዚት ሲባል ልጅ የምትይዝ ተቀጣሪ ነው የሚታየው። እናቷን ደግሞ ጭራሽ ልጇን ታሳድግ የነበረች ያስመስላታል። ልጅቱ እኮ ከ1548 ጀምሮ ፈረንሳይ ነበረች፤ እናትየው አገር ነው የያዘችው። «እንደራሴ» በለው። ራስ ተፈሪም በዘውዲቱ ዘመን የተጠሩበት ቃል ነው።

ሌላ መልስ፦ እኔም አንድ ነገር ልጨምር። «በ1567 ዙፋኗን ለቀቀች» የሚል ዓረፍተ ነገር ካለህ እባክህ ተመልሰህ እየው። በሎክ ሌቨን ሐይቅ ደሴት ላይ ታስራ ነው የፈረመችው። ዘውዱ የተሰጠው ለአንድ ዓመት ልጇ ለጄምስ ነው። እሷ ፊርማውን አልተቀበለችውም። በ1586 እንግሊዝ ውስጥ ለፍርድ ስትቀርብ እንኳን «ንግሥት ነኝ፣ እናንተ ልትዳኙኝ አትችሉም» ብላ ተከራክራለች። በ1587 አንገቷን ተቀላች። «ለቀቀች» ሲባል በፈቃዷ ይመስላል። አማርኛችን ደግሞ ከግስ ፊት የምትገባ «አስ» የምትባል ትንሽ ቅጥያ አለችው፤ ማን እንዳደረገው ታሳያለች።

ጥያቄ፦ አስተካከልኩት፦ «በ1567 መኳንንቷ አስረው ዙፋኗን አስለቀቋት»።