የእድር ዳኛዬ አላስቅ አለኝ

የቀሃ ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። አጭር የምጸት ልቦለድ ይዣለሁ። ቦታው እዚሁ ጎንደር ነው፤ ዋናው ሰውዬ የእድር ዳኛ። ሀብታም ሲሞት ድንኳኑን በሌሊት ያስተክላል፤ ድሃ ሲሞት ያልተከፈለ መዋጮ ከመዝገብ ይፈልጋል። «አድርባይ፣ ሆዳም፣ አፈ ጮሌ» እያልኩ ገጹን ሞላሁት። ጓደኛዬ አንብቦ ፈገግ እንኳ አላለም፤ «ምን አድርጎህ ነው?» አለኝ። ምኑን ላስተካክል?

አንገረብ ማዶ፦
እየሰደብከው እኮ ነው! ሦስቱንም ስድብ ሰርዝና ሰውዬውን አናግረው። አማርኛችን አንተና እርስዎ እያለለት አድርባይን ማጋለጥ ምን ይቸግራል? ለምሳሌ፦

«እዚህ ምን ይገትርሃል? ድንኳኑ ተይዟል አልኩህ! የማን ወንድም ነኝ አልክ? የባለ ሆቴሉ? ውይ፣ አፈር ልብላ! እርስዎ ቆመው? ኧረ ወንበር አምጡ!»

«አድርባይ» የሚል የለበትም፤ አንባቢው ግን ፈርዶበታል። ተራኪህ ደግሞ ምንም እንዳላየ ይለፍ። «ያስተክላል» ያልከውን «ያስተክላሉ» በለው፤ «ዳኛው ሰው አክባሪ ነበሩ» ብለህም አመስግናቸው። አንቱታው በከበደ ቁጥር ሰውዬው ይቀልላሉ። (እኔ በበኩሌ ተራኪው ቀድሞ የሚስቅበትን ጽሑፍ አልጨርስም።)

የደብተራው ልጅ፦
እውነት ነው፤ ግን በጣም አታለስልሱት። አዝማሪ ቤት እንግዳው «ተቀበል» ብሎ ስንኝ ሲሰጥ አይታችሁ የለ? የተሸረደደው ሰውዬ ሰሙን ሰምቶ እየሳቀ ይሸልማል፤ ወርቁ የሚገባው ደጅ ከወጣ በኋላ ነው። እዚያ ያምራል። ልቦለድ ላይ ግን አንዳንዱ አንባቢ ምስጋናውን የምር ይወስደዋል፤ አንድ ጠርዝ ተውለት። መዝገቡ አለልህ አይደል? ዳኛው ስለ እኩልነት እየሰበኩ ጣታቸው የድሃውን ስም ይፈልግ።

የቀሃ ልጅ፦
ጣቷን ወሰድኳት! የሰፈራችን ዳኛ ቢያነቡትስ ግን? ጎንደር እኮ ሰው ሁሉ ይተዋወቃል።

የደብተራው ልጅ፦
ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት «ፋቡላ» በሚለው ተውኔታቸው ሹማምንቱን የሸነቆጡት አውሬ አናግረው ነው። ከፈራህ ዳኛውን ጅብ አድርገው።

አንገረብ ማዶ፦
ጅብማ ይታወቃል፣ የእድር ዳኛ ይሁን! አትፍራቸው፤ ያዘዞውን ዳኛ የጻፍክ መስሏቸው ራሳቸው ያስነብቡልሃል።

የቀሃ ልጅ፦
ሃሃ! ሚስታቸውስ? እሷም ብዙ ታወራለች።

አንገረብ ማዶ፦
እሷን አታስቀልዳት። የሰፈሩን ሬሳ ሁሉ በስሙ የምትጠራ እሷ ብቻ ትሁን።