ሞሉ ይስፋ፣ ድንኳናችን የት ይተከል?

አስተባባሪ፦ ሰላም ጎረቤቶች። ላልሰማችሁ በአጭሩ፦ ከሃያ ሁለት ወረድ ብሎ ያለው የሰፈራችን ሞል ከጀርባው ወዳለው ባዶ ቦታ ሊሰፋ ነው። ባለ አራት ፎቅ ህንፃ ይጨመራል። ከግቢዎቻችን ጋር የሚያዋስነው የኋላ መተላለፊያ ደግሞ የዕቃ ማውረጃ ይሆናል ተብሏል። ወረዳው ቅዳሜ ሊያወያየን ጠርቶናል። ከዚያ በፊት እዚሁ እንነጋገር። ስድብ አይፈቀድም፣ ስቲከርም ይቀነስ።

ባለሱቋ፦ እኔ እደግፋለሁ፣ ከአሁኑ ልናገር። ሞሉ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ልብስ እሸጣለሁ። ሱቄ ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ህንፃው ሲሰፋ ሱፐርማርኬት ይገባል፣ ገበያ ይመጣል። የቀጠርኳቸው ሁለት ልጆች የዚህ ሰፈር ልጆች ናቸው። ሥራ ጠፋ ስንል ከርመን ሥራ ሲመጣ መቃወም ምን የሚሉት ነው?

የጀርባ ጎረቤት፦ እህቴ፣ ሥራሽን ማን ጠላ? አንቺ ማታ 2 ሰዓት ዘግተሽ ትሄጃለሽ፣ ጄኔሬተሩ ግን እኔ ጋ ያድራል። መብራት በጠፋ ቁጥር ጭሱ በመኝታ ቤቴ መስኮት ይገባል። መጋረጃዬ ሲገዛ ነጭ ነበር፣ አሁን ምን ቀለም እንደሚባል እንጃ። ትንሿ ልጄ ጄኔሬተሩ ሲነሳ «እማዬ፣ ሞሉ ነቃ» ትለኛለች። ሦስቴ ሄጄ አመልክቻለሁ። መልሱ «እናየዋለን» ነው። ያለውን ያላስተካከለ ሰው ሌላ ሲጨምር በምን ልመነው?

መሐንዲሱ፦ ለዚህ መለኪያ አለው። የአገራችን የድምፅ ደረጃ ለመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ለንግድ አካባቢ 65 እና 55። ስለዚህ ቅዳሜ «ይረብሸናል» ብለን ብቻ አንመለስ፤ «ይለካልን» እንበል። ሌላም አለ። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የጥናት ሪፖርቱ ለሕዝብ ቀርቦ አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዛል። ጥናት የሚያስፈልገው ሁሉም ህንፃ አይደለም፤ ይሄኛው ያስፈልገዋል ወይ? ከሆነስ ሪፖርቱ የታለ? የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ ይሁን።

ባለሱቋ፦ ጄኔሬተሩ ይስተካከል፣ እሺ። ግን ሞሉ ከመሠራቱ በፊት እዚህ ምን ነበር? ጭቃና ጨለማ! ሴት ልጅ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ አታልፍበትም ነበር። አሁን መብራት አለ፣ ጥበቃ አለ። ይሄንንም ተናገሩ እንጂ።

የእድሩ ጸሐፊ፦ መብራቱን አልክድም ልጄ። የእኔ ጥያቄ አንድ ናት። ድንኳኑን የት እንትከል? «ባዶ ቦታ» ትሉታላችሁ። ከዚያ ቦታ ስንት ሰው እንደሸኘን መዝገቡ ይናገራል። ባለፈው ወር እንኳ ለቅሶ የተቀመጥነው እዚያ ነው። ድስቱ የተጣደበት ሦስቱ ድንጋይ አሁንም አልተነሳም፣ ሄዳችሁ እዩት። የአብዛኞቻችን ሳሎን አሥር ሰው አይችልም። ለቀስተኛው ሦስት ቀን ሱፐርማርኬት ውስጥ ይቀመጥ?

ራይድ ነጂ፦ ጋሼ ልክ ናቸው። እኔ ደግሞ የመኪናውን ልበል። ሞሉ ቤዝመንት አለው፣ ፓርኪንግ ነው የሚባለው። ገብታችሁ አይታችሁታል? ግማሹ ካርቶን የተከመረበት መጋዘን ነው። ለዚህ ነው መኪናው ሁሉ ጀርባ ባዶው ቦታ ላይ የሚቆመው። እዚያ ላይ ከተሠራ መኪናው የት ይሄዳል? በየበራችሁ ላይ!

ባለካርታው፦ እውነቱን ልናገር፣ ስደቡኝ። ሞሉ ከሰፋ የግቢዬ ዋጋ ይጨምራል። ካርታ አለኝ፣ ልጆቼም ውጭ ናቸው። እናንተ ይሄን ቀንስ፣ ያን ተው ስትሉት ባለሀብቱ ጥሎ ይሄዳል፣ ቦታውም ቆሻሻ መጣያ ሆኖ ይቀራል።

የቀበሌ ቤት ነዋሪ፦ ካርታ ላለው ይመቸው። እኛ በቀበሌ ቤት ያለነው ግን «ልማት» ሲባል ሆዳችን ይረበሻል። ፒያሳ በ2016 እንዴት እንደፈረሰ አይተናል። አክስቴ ከዚያ ተነስታ አሁን ከተማው ዳር ናት። ቤቱ ደህና ነው ትላለች፣ ጎረቤት ግን የለኝም ትላለች።

መሐንዲሱ፦ እዚህ ላይ ነገር አንደባልቅ። ፒያሳ የመንግሥት መልሶ ማልማት ነው። ይሄ የግል ህንፃ ነው፣ ማንንም ከቤቱ አስነሳለሁ አላለም። ስጋቱ ይገባኛል፣ ግን ቅዳሜ ሁለቱን ከቀላቀልን «ልማት ጠል» ብለው ያሰናብቱናል። ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ መተላለፊያው ነው። ጥቅምት 2017 መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል የእሳት አደጋ መኪና ለመግባት እንዴት እንደተቸገረ ሁላችንም ሰምተናል። ከጀርባ ላሉት ቤቶች በመኪና የሚገባው በዚያች መተላለፊያ ብቻ ነው። አንድ አይሱዙ ሲሚንቶ ወይ ዘይት እያወረደ ቆሞ እሳት ቢነሳስ? አምቡላንስስ?

የጀርባ ጎረቤት፦ ባለፈው ዓመት ምጥ የያዛት ጎረቤታችን በዚያ ነው የወጣችው። ሌላ መውጫ የለም።

ባለሱቋ፦ ይሄን እንኳ አላሰብኩትም። እሳት ከተነሳ ሱቄም አይተርፍ። በቃ፣ ህንፃው ይሠራ፣ ዕቃ በፊት ለፊት ይውረድ። ቅዳሜ እኔም ይሄን እላለሁ።

ባለካርታው፦ በፊት ለፊት? በአስፋልቱ? ትራፊክ ፖሊሱ ያወርድላችኋላ!

ራይድ ነጂ፦ ሌሊት ያውርዱ።

የጀርባ ጎረቤት፦ ሌሊት?! እኔ የት ልተኛ?

አስተባባሪ፦ እሺ እሺ፣ የዕቃው ሰዓት ገና ነው፣ እዚያው እንከራከርበታለን። መተላለፊያው እንዳይነካ ግን ከባለካርታው በቀር ተስማምተናል። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ወረዳው አዳራሽ። መሐንዲስ፣ ሜትር ይዘህ ና፣ የመተላለፊያውን ስፋት ቀድመን እንለካው። ጋሼ፣ እርስዎ የእድሩን መዝገብ ይዘው ይምጡ።

የእድሩ ጸሐፊ፦ መዝገቡ ከባድ ነው። አንድ ጎረምሳ ላኩልኝ።