የሰኔው ጉዞ፦ ሦስት ቦታ ከመሯሯጥ አንዱን ጠግቦ ማየት

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ከለንደን ወጣ ብለን የእንግሊዝን ገጠር የአትክልት ስፍራዎች እንጎብኝ የሚለው ሐሳብ በመነሣቱ ደስ ብሎኛል። የቀረበው መርሐ ግብር ግን ሲሲንግኸርስት፣ ግሬት ዲክስተርና ዊዝሊ የተባሉትን ሦስት የአትክልት ስፍራዎች በአንድ ቅዳሜ ያጭቃል። ይህ አይሆንም። ቀኑ አውቶቡስ ላይ ያልቃል፤ እናቶቻችንም ደክሟቸው ከመመለስ በቀር የሚያተርፉት ነገር አይኖርም።

ለማን እንደምንጓዝ እናስብ እንጂ። ብዙዎቹ ወላጆቻችን የልጅ ልጅ ለማሳደግ መጥተው፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲገቡ ቤት ውስጥ ብቻቸውን የሚውሉ ናቸው። ቋንቋው በር ዘግቶባቸዋል። ስለ አፈርና ስለ ተክል ግን ከማናችንም በላይ ያውቃሉ። ጉዞው በእነርሱ እርምጃ ይለካ።

የእኔ ሐሳብ ጠዋት ሲሲንግኸርስትን፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በዚያው በኬንት አውራጃ አንድ አነስተኛ የግል ግቢ እንድናይ ነው።

ሲሲንግኸርስትን ደራሲዋ ቪታ ሳክቪል ዌስትና ባለቤቷ ሃሮልድ ኒኮልሰን በ1930 ሲገዙት ፍርስራሽ ነበር (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። እርሱ መስመሩን ነደፈ፤ እርሷ ተከለች። ግቢው በሸክላ ግንብና በተከረከመ አጥር ተከፍሎ እንደ ቤት ክፍል ክፍል አለው። ከክፍሎቹ አንዱ ነጭ አበባና ብርማ ቅጠል ብቻ የበቀለበት ሲሆን፣ በሰኔ መጨረሻ ገደማ ነጭ ጽጌረዳ በመካከሉ ያለውን ዳስ ማልበስ ይጀምራል። በ1938 በአንድ ሽልንግ መግቢያ ለሕዝብ ተከፈተ፤ ከ1967 ጀምሮ የሚያስተዳድረው ናሽናል ትረስት የተባለው ቅርስ ጠባቂ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ድርጅቱ ለአካል ጉዳተኛ አጋዥ ሆኖ የሚገባን ሰው አያስከፍልምና የድርጅቱ አባል ያልሆናችሁ ይህን አትርሱ። በግቢው ያለውን ማማ በደረጃ መውጣት ግን ለጉልበት ሕመምተኛ አይመከርም።

ይበልጥ የምሟገተው ስለ ሁለተኛው ግማሽ ቀን ነው። በዚህ አገር ባለቤቶች የራሳቸውን ጓሮ በዓመት ጥቂት ቀናት ለጎብኚ የሚከፍቱበት ናሽናል ጋርደን ስኪም የተባለ ሥርዓት አለ። በ1927 የተጀመረው ሕመምተኞችን በየቤታቸው እየዞሩ ለሚያስታምሙ ነርሶች ገንዘብ ለማሰባሰብ ነበር፤ ያኔ ከ600 በላይ ግቢዎች ተከፈቱ። ዛሬም የመግቢያው ገቢ ለነርሶችና ለጤና በጎ አድራጎት ይውላል። ሻይና ኬክ ይሸጣል፤ ብዙ ጊዜ ችግኝም ይኖራል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ባለቤቱ ራሱ ቆሞ ማነጋገሩ ነው። በታላላቆቹ ስፍራዎች ትኬት ቆርጠህ አይተህ ትወጣለህ፤ እዚህ ግን ሰው ጓሮው ድረስ አስገብቶህ ያጫውትሃል። ዓመታት ኖረን የጎረቤታችንን ስም ለማናውቅ ሰዎች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከእንዲህ ዓይነት ግቢዎች በአንዱ ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። ቅጠሉ ደም የመሰለ እንሰት በትልቅ ማሰሮ ተተክሎ ቆሟል። እዚህ አገር የሚተክሉት ለቅጠሉ ውበት ነው፤ ውርጭ ስለሚገድለው ክረምቱን ቤት ውስጥ ያሳልፉታል። አብረውን የነበሩ የጉራጌ እናት ጠጋ ብለው የቅጠሉን ዋና ጅማት በጣታቸው ዳሰሱና እንዴት እንደሚፋቅ፣ ጉድጓድ ውስጥ እንዴት እንደሚብላላ፣ ቆጮው እንዴት እንደሚጋገር በእጃቸው እያሳዩ አስረዱ። ልጃቸው ተረጎመች። የግቢው ባለቤት ወረቀት አምጥታ መጻፍ ጀመረች። እኒያ እናት አውቶቡስ ውስጥ እስከ ለንደን ድረስ ዝም አላሉም።

ስለ ምግብ፦ በሰኔ መጨረሻ ከሄድን የሐዋርያት ጾም በእኛ አቆጣጠር እስከ ሐምሌ 5 ስለሚቆይ የሚጾሙ ብዙዎች ይኖራሉ። በየሻይ ቤቱ የሚቀርበው ስኮን የሚሉት ትንሽ ዳቦ ከእነ ክሬሙ የፍስክ ነው፤ ሊጡም ብዙ ጊዜ ቅቤ አለበት። ስለዚህ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ይዘን እንሂድ፤ የምንበላውም ከአበባው ቅጥር ውጪ ይሁን። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ቅዳሜን እደግፋለሁ።

ግሬት ዲክስተር ይቅር ማለቴ አይደለም። እርሱም ለብቻው አንድ ቀን ይገባዋል፤ ለመስከረም እንያዘው።

ወላጆቻችሁ በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀሱ ከሆነ፣ ማንሻ ያለው አውቶቡስ ቀደም ተብሎ የሚታዘዝ በመሆኑ ቀኑ ከመቆረጡ በፊት አሳውቁ። የግል ግቢውንም መርጠን ባለቤቱን በቡድን መምጣት እንችል እንደሆነ መጠየቅ አለብን፤ ይህን ሥራ እኔ እወስዳለሁ።