ክርክር፦ የዶሜን ፓርኪንግ ኩባንያዎች ሙሉ ሒሳባቸውን ለዶሜኑ ባለቤት የማሳየት ግዴታ ሊኖርባቸው ይገባል?

ናሆም፦ የማይጠቀምበትን ዶሜን (የድረ ገጽ ስም) ወደ ፓርኪንግ ኩባንያ ኔምሰርቨር፣ ማለትም ጎብኚውን ወደ ገጹ ወደሚመራው አገልጋይ፣ ያዞረ ሰው፣ አድራሻውን በቀጥታ ጽፈው ወይም በአሮጌ ሊንክ ለሚመጡ ጎብኚዎች ማስታወቂያ ይታይለታል፤ ከሚገኘውም ገንዘብ ድርሻ ይከፈለዋል። ኩባንያው «80 በመቶው ያንተ ነው» ይላል። የምን 80 በመቶ? ውሉ «የተጣራ ገቢ» ብሎ ያልፈዋል፤ ከምን ላይ ምን ተቀንሶ እንደተጣራ አይናገርም። ኩባንያው ከማስታወቂያ ምንጩ የተቀበለውን፣ ከዚያ ላይ የቀነሰውንና ለባለቤቱ የከፈለውን በየወሩ የማሳየት ግዴታ ሊጣልበት ይገባል እላለሁ። የምትቃወሙ ምክንያታችሁን አቅርቡ።

ዳዊት፦ እቃወማለሁ። አስነጋሪው (ማስታወቂያውን የሚያስወጣው ድርጅት) የከፈለውን ሙሉ ዋጋ ኩባንያውም አያየውም፤ መጀመሪያ የሚቆርጠው የማስታወቂያ ምንጩ ጉግል ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2010 ለአሳታሚዎች የሚያካፍለውን ይፋ ሲያደርግ ለይዘት ገጾች 68 በመቶ፣ ለፍለጋ ደግሞ 51 በመቶ ብሎ ነበር። የፓርኪንግ ገጾች በዚያ ውስጥ አልነበሩም፤ የእነሱ ድርሻ ከየኩባንያው ጋር በሚደረግ ምስጢራዊ ውል የሚወሰን ነው። ውሉን ጥሶ ቁጥር ያወጣ ኩባንያ የማስታወቂያ ምንጩን ቢያጣ፣ የደንበኞቹ ሁሉ ገቢ አብሮ ይቆማል። ግዴታው ልንጠብቀው የፈለግነውን ሰው ነው የሚጎዳው።

ሰብለ፦ ዳዊት፣ ናሆም የጠየቀው እኮ የጉግልን ድርሻ አይደለም፤ ገንዘቡ ኩባንያው እጅ ከገባ በኋላ ያለውን ነው። በቁጥር እንየው። ለስሌት ያህል አስነጋሪው ከከፈለው 1 ዶላር ውስጥ 50 ሳንቲም ኩባንያው ዘንድ ይደርሳል እንበል። አንደኛው ኩባንያ ምንም ሳይቀንስ 80 በመቶ ይከፍላል፤ ባለቤቱ 40 ሳንቲም አገኘ። ሁለተኛው 90 በመቶ ብሎ ያስተዋውቃል፤ ግን ከማካፈሉ በፊት ለሰርቨር፣ ለአስተዳደርና ለ«ትራፊክ ጥራት» (የጎብኚዎቹን እውነተኛነት ለማጣራት) 15 በመቶ ያነሳል። 50ው 42.5 ሆነ፤ የዚያ 90 በመቶ 38.25 ሳንቲም ነው። በማስታወቂያው የበለጠው በክፍያ አነሰ። መቶኛው ብቻውን ምንም አይነግረንም፤ የሚቆጠረው ከየት ላይ እንደሆነ ካልታወቀ ሁለት ኩባንያዎችን ማወዳደር አይቻልም።

ሄኖክ፦ የሰብለ ስሌት ልክ ነው፤ ትልቁ ችግር ግን ከመቶኛው ይልቅ ገቢው በየዶሜኑ የሚደለደልበት መንገድ ላይ ይመስለኛል። የተለመደው የፓርኪንግ ገጽ ባለ ሁለት ክሊክ ነው። ጎብኚው መጀመሪያ ተዛማጅ የፍለጋ ቃላት ያያል፤ አንዱን ሲነካ የማስታወቂያ ዝርዝር ይከፈትለታል፤ ገንዘብ የሚያመጣው ሁለተኛው ክሊክ ነው። ከ1000 ጎብኚ 200ው ቃሉን፣ ከእነሱም 60ው ማስታወቂያውን ከነኩ፣ አንዱ ክሊክ 20 ሳንቲም ቢያስገኝ ገቢው 12 ዶላር ነው።

አሁን «አንዱ ክሊክ 20 ሳንቲም» የሚለው ከየት መጣ? የማስታወቂያ ምንጩ ለኩባንያው ሪፖርት የሚያደርገው በቻናል፣ ማለትም ገቢው ተደምሮ በሚመዘገብበት የሒሳብ መለያ፣ ነው። የቻናሉ ብዛት የተወሰነ ስለሆነ ብዙ ዶሜኖች አንድ ቻናል ውስጥ ሊታጨቁ ይችላሉ። ያኔ ኩባንያው የቻናሉን ገቢ ለክሊኩ ብዛት አካፍሎ በአማካይ ያድላል። አንድ የኢንሹራንስ ዶሜን በ1 ዶላር ሒሳብ 40 ክሊክ፣ አንድ የጌም ዶሜን በ5 ሳንቲም ሒሳብ 160 ክሊክ አመጡ እንበል። ድምሩ 48 ዶላር፣ አማካዩ 24 ሳንቲም። 40 ዶላር ያስገባው ኢንሹራንስ 9.60 ይመዘገብለታል፤ 8 ዶላር ያስገባው ጌም 38.40 ይወስዳል። ኩባንያው አንዲት ሳንቲም ሳይሰርቅ፣ ውሉንም ሳይጥስ ማለት ነው። ናሆም የጠየቃቸው ሦስት ቁጥሮች ይህንን አያሳዩም። መጠየቅ ያለበት «ዶሜኔ የራሱ ቻናል አለው ወይስ ከሌሎች ጋር ነው?» የሚለው ነው።

ናሆም፦ ይህ ጥያቄዬን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። የአደላደል ዘዴው አራተኛው ነጥብ ሆኖ ይግባ።

ዳዊት፦ ሄኖክ ያነሳው እውነት ነው። ግን የክሊክ ዋጋ በየዶሜኑና በየቃሉ በዕለቱ ይታይ ካልን አጭበርባሪው የትኛውን ቃል እንደሚያስነካ ነገርነው ማለት ነው። ጉግል ደግሞ ከ2004 ጀምሮ አንድ ክሊክ ወደ ግዢ የመለወጥ ዕድሉን እየገመተ ዋጋውን ይቀንሳል። የጥቂቶች ቆሻሻ ትራፊክ በጋራ ቻናል ውስጥ ያሉትን ንጹሐን ዋጋም ይዞ ይወርዳል። በዳሽቦርዱ (ባለቤቱ ገቢውን በሚከታተልበት ገጽ) ላይ ያለው ቁጥር ግምት መሆኑንም አትርሱ። ወሩ ሲዘጋ ልክ ያልሆኑ ክሊኮች ይቀነሳሉ፤ 100 ዶላር ያየ ሰው 83 ሲደርሰው ተዘረፍኩ ይላል። ባለቤቱ ገንዘቡን ከወሰደ በኋላ ምንጩ ተመላሽ ሲጠይቅ ጉድለቱን የሚሸፍነው ኩባንያው ነው። የሚይዘው ድርሻ የዚህ ዋስትና ዋጋም ጭምር ነው።

ሰብለ፦ መፍትሔው መዘግየት ነው። ወሩ ከተዘጋ ከ30 ወይም ከ60 ቀን በኋላ፣ በቃል ሳይሆን በዶሜን ተደምሮ ይውጣ። ለአጭበርባሪ አይጠቅምም፤ ለባለቤት ግን ይበቃል። ያልካት 17 ዶላርም በአንድ መስመር ትገለጽ፤ ስንት ክሊክ፣ በየትኛው ቀን፣ በማን ውሳኔ ተሰረዘ? «ማስተካከያ» የሚል አንድ ቃል ሒሳብ አይደለም።

ፌቨን፦ ሁላችሁም የከፋዩን ወገን ረስታችኋል። የፍለጋ ማስታወቂያ ገዛሁ ያለ አስነጋሪ ገንዘቡ ባዶ ገጽ ላይ ሲያልቅበት ኖሯል። አሜሪካ ውስጥ አስነጋሪዎች በዚሁ ጉዳይ በ2008 ጉግልን ከሰው፣ ነገሩ በ2017 በ22.5 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ነው የተዘጋው። በ2025 ደግሞ ጉግል አስነጋሪው ራሱ ፈልጎ ካልከፈተው በቀር ማስታወቂያው ፓርክ በተደረገ ዶሜን ላይ እንዳይወጣ አደረገ። ዋጋው የሚወሰነው በጨረታ ነው፤ ተጫራች ሲቀንስ የክሊክ ዋጋ ይወድቃል። ግልጽነት ይኑር ከተባለ ከአስነጋሪው ይጀምር፤ ማስታወቂያው የትኛው ዶሜን ላይ እንደወጣ በስም ይነገረው።

ዳዊት፦ ፌቨን ያለችው ሌላም መዘዝ አለው። የክሊክ ገቢ ሲደርቅ ኩባንያዎች ጎብኚውን ምንም ገጽ ሳያሳዩ በቅጽበት ጨረታ ለሌላ ድረ ገጽ ወደ መሸጥ ዞረዋል። እዚያ ከፋዩ በርካታ ነው፤ አንዳንዱ የማጭበርበሪያ ገጽ ነው። ግዴታ መጣል ካለብን እዚህ ላይ ቢሆን እስማማለሁ፤ ባለቤቱ ጎብኚው ወዴት እንደተላከ የማወቅና የመከልከል መብት ይኑረው።

ተስፋዬ፦ ክርክሩን ሳላቋርጥ አንድ ነገር ልጨምር። «ኩባንያው በላኝ» ከሚባለው ቅሬታ ብዙው የቅንብር ጉድለት ሊሆን ይችላል። ኔምሰርቨር ሲቀየር የቀድሞው የዲኤንኤስሴክ ዲኤስ መዝገብ (የዶሜኑ አድራሻ እንዳልተጭበረበረ ማረጋገጫ) ሬጂስትራሩ፣ ማለትም ዶሜኑን የመዘገበው ድርጅት፣ ዘንድ ከቀረ፣ መዝገቡን የሚያረጋግጡ የዲኤንኤስ አገልጋዮች አድራሻውን አይፈቱም፤ ጎብኚው ስህተት ብቻ ያያል። ገጹ የኤችቲቲፒኤስ (የተመሰጠረ ግንኙነት) ሰርተፍኬት ከሌለው ብሮውዘሩ ያስጠነቅቃል፤ በዶት አፕና በዶት ዴቭ ዶሜኖች ላይ ደግሞ ያለ ኤችቲቲፒኤስ ጭራሽ አይከፈትም። ኢሜይልም ኔምሰርቨሩ ሲዞር ይቆማል። ስለዚህ ከመካሰስ በፊት የኩባንያውን የጎብኚ ቁጥር ከራስ መለኪያ ጋር ማነጻጸር ይገባል። የሌላ ድርጅት የንግድ ምልክት የያዘ ስም ከሆነ ግን ነገሩ የገቢ ጥያቄ መሆኑ ይቀራል፤ በዩዲአርፒ (የዶሜን ስም ክርክር መፍቻ) ደንብ መሠረት ገጹ ላይ የሚወጣው ተዛማጅ ማስታወቂያ ራሱ የክፉ ልቦና ማስረጃ ተደርጎ ዶሜኑን ሊያሳጣ ይችላል። ማስታወቂያውን የመረጠው ኩባንያው ነው ማለት ብዙውን ጊዜ አያድንም።

ሄኖክ፦ ግዴታው እስኪመጣ ድረስ ማወዳደሪያው መንገድ ይኸውላችሁ። ዶሜኖቹን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ግማሹን አንድ ኩባንያ፣ ግማሹን ሌላው ዘንድ ለሁለት ወር ማቆየት፤ ከዚያ ቦታ ማቀያየር። የሚነጻጸረው በ1000 ጎብኚ የተከፈለው ገንዘብ ነው፤ እሱም በየአገሩ ተለይቶ፣ የክሊክ ዋጋ በጎብኚው አገር በእጅጉ ስለሚለያይ። የሚወሰደውም የዳሽቦርዱ ግምት ሳይሆን ወሩ ከተዘጋ በኋላ የተከፈለው ነው። ጥቂት ጎብኚ ያለው ዶሜን ላይ ግን አንድ ውድ ክሊክ ውጤቱን ሁሉ ስለሚያዛባ እንዲህ ያለ ሙከራ ትርጉም የለውም።

ናሆም፦ እንግዲህ ሐሳቤን ላጥብበው። የየቃሉ ዋጋ ይቅር። «የተጣራ ገቢ» በውሉ ውስጥ ይተርጎም፤ ተቀናሾቹ በስም ይዘርዘሩ፤ ዶሜኑ በራሱ ቻናል ይሁን በአማካይ ይነገር፤ ጎብኚው የተሸጠላቸው መዳረሻዎች ይታዩ። ዳዊት፣ ከእነዚህ የጉግልን ምስጢር የሚነካው የትኛው ነው?

ዳዊት፦ አንዱም አይነካም። የቀረኝ ጥያቄ የማስፈጸሙ ነገር ነው። ባለቤቱ አንድ አገር፣ ኩባንያው ሌላ አገር፣ የማስታወቂያ ምንጩ ሦስተኛ አገር ሆኖ ለ40 ዶላር ማን ይከሳል? ሕግ ከምንጠብቅ ብዙ ዶሜን የያዙት ተባብረው እነዚህን አራት ነጥቦች የማይፈርም ኩባንያ ዘንድ ዶሜን አናቆምም ቢሉ ቶሎ የሚሠራ ይመስለኛል።

ሰብለ፦ ጥቂት ዶሜን ያለው ሰው ግን ያን ጉልበት የለውም፤ ግዴታው የሚያስፈልገውም ለእሱ ነው።