ኦቲዝም ላለባቸው አዋቂ ተጓዦች፦ የትኛው ይሻላል፣ የትኛው ይቅር?

"ወደማላውቀው አገር ልሄድ ነው፤ ምን ልግዛ? ምን ልጫን?" የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ እንደ እኔው ኦቲዝም ያለባቸው አዋቂዎች ናቸው። ሲፈልጉ የሚያገኙት ግን የልጅ ዕቃ ነው። የካርቱን ደብተር፣ ባለ ቀለም መጫወቻ፣ ለወላጆች የተጻፈ ምክር። ትልቅ ሰው ራሱ ትኬት ቆርጦ ብቻውን ይሄዳል ብሎ ያሰበ ያለ አይመስልም። ስለዚህ "ለኦቲዝም" የሚል የተለጠፈበትን ብዙም አላሳድድም። ለማንም ሰው ከተሠራው ውስጥ ግራ መጋባትን የሚቀንሰውን እመርጣለሁ። ጥቆማዬም በዚሁ መንገድ ነው።

ከመመሪያው እንጀምር። የታወቁት የጉዞ መጻሕፍት ፎቷቸው ያምራል። የሚነግሩን ግን የትኛው ቦታ እንደሚያምር ነው። እኛን የሚያስጨንቀን ቅደም ተከተሉ ነው። ከአውሮፕላን ወርጄ በየት በኩል እወጣለሁ? አውቶቡስ ላይ የሚከፈለው ስገባ ነው ስወርድ? በካርድ ነው በጥሬ ገንዘብ? ለዚህ ዊኪቮያጅ የሚባለውን የጉዞ መመሪያ ድረ ገጽ አስቀድማለሁ። ነፃ ነው። ከ2013 ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ዊኪፔዲያን በሚያስተዳድረው ድርጅት ሥር ይገኛል። የምወድለት አሰልቺነቱን ነው። የየከተማው ገጽ አቀማመጥ ተመሳሳይ ነው፦ እንዴት እንደሚገባ፣ በምን እንደሚዘዋወሩ፣ የት እንደሚበላ፣ የት እንደሚታደር። አንዱን ያነበበ በሌላው አይደናገርም። ጉድለቱ ደግሞ ማንም ሰው የሚጽፍበት መሆኑ ነው። ትንንሽ ከተሞች ላይ መረጃው ያረጀ ሊሆን ይችላል። የአውቶቡስ ቁጥርና ሰዓት ከዚያ አትውሰዱ፤ ከራሱ ከትራንስፖርት ድርጅቱ ገጽ አረጋግጡ።

ስትሪት ቪው ወይስ የዩቲዩብ የእግር ጉዞ ቪዲዮ? ሁለቱም፣ ግን ሥራቸው ይለያያል። ስትሪት ቪው፣ ማለትም ጎግል ማፕ ላይ መንገዱን በፎቶ የሚያሳየው፣ በር ለማወቅ ነው። የሆቴሉ መግቢያ በየት በኩል ነው፣ ከባቡር ጣቢያው ስወጣ ወደ ቀኝ ነው ወደ ግራ፣ ደረጃ አለው ወይ። እንደፈለጋችሁ ትሄዳላችሁ፣ ትመለሳላችሁ፣ ማንም አያጣድፋችሁም። ምስሉ የተነሣበትን ወርና ዓመት ማየት አትርሱ፤ ከቆየ ሰፈሩ ተቀይሮ ይሆናል። ችግሩ ድምፅ የለውም። ሰው ካሜራ ይዞ ዝም ብሎ እየሄደ የቀረጸው ቪዲዮ ግን ድምፁንም ያሰማችኋል። ጣቢያው ውስጥ ማስታወቂያው ምን ያህል ይጮኻል? መንገዱ ላይ ሰው ይጋፋል? ሙዚቃ የተጨመረበትን እለፉት፤ የሚፈለገውን ድምፅ ሸፍኖታል።

ጎግል ማፕ ላይ ቦታው በስንት ሰዓት እንደሚጨናነቅ የሚያሳየውም ግራፍ ይጠቅማል። የተለመደውን ቀን ነው የሚያሳየው፤ በበዓል ሰሞን አትመኑት። ትልልቅ ሙዚየሞች ደግሞ ከዚህ የተሻለ ነገር አላቸው። የለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየምና የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ለምሳሌ ጫጫታና ጸጥታ ያለበትን ክፍል የሚያሳይ ካርታ አዘጋጅተዋል። ወደ ማንኛውም ሙዚየም ስትሄዱ መጀመሪያ ድረ ገጹ ላይ የተደራሽነት ገጹን ክፈቱ። ብዙ ሰው የተሽከርካሪ ወንበር መረጃ ብቻ ያለበት ይመስለውና ያልፈዋል።

አሁን ወደ አውሮፕላን ማረፊያው። በጣም የሚምታታው እዚህ ላይ ነው።

አረንጓዴ ሆኖ ቢጫ የሱፍ አበባ ያለበት የአንገት ማንጠልጠያ አይታችሁ ይሆናል። በ2016 በለንደኑ ጋትዊክ አውሮፕላን ማረፊያ ተጀመረ። ዛሬ በተለያዩ አገሮች ከ200 በላይ የአውሮፕላን ማረፊያዎች ተቀብለውታል። ትርጉሙ "በዓይን የማይታይ የአካል ጉዳት አለብኝ፤ ትንሽ ጊዜ ስጡኝ" ነው። ከዚያ ያለፈ መብት አይሰጥም። ወረፋ አያስቀድምም፤ ሠራተኛው ካሳለፋችሁ በራሱ መልካም ፈቃድ ነው። ሠራተኛው ምልክቱን የማያውቅ ከሆነ ደግሞ ማንጠልጠያው ጌጥ ብቻ ነው። (አንገት ላይ የሚነካ ነገር የማይስማማችሁ፣ የእጅ አምባርና ካርድም አለው።)

በአየር መንገዱ በኩል የሚጠየቀው እርዳታ ግን ሌላ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 1107/2006 እርዳታውን በነፃ እንዲሰጥ ያስገድዳል። የሚጠበቅባችሁ ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ማሳወቅ ነው። አየር መንገዶች እርስ በርስ የሚግባቡበት ዲፒኤንኤ (DPNA) የሚባል ኮድ አለ፤ የአእምሮ ወይም የእድገት እክል ላለበት ተጓዥ የሚመዘገብ ነው። ስሙ ደስ አይልም። ግን ስልክ ላይ ኮዱን ስትጠሩት ነገሩ ያጥራል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ፍተሻውን ብቻ የሚመለከት ቲኤስኤ ኬርስ የሚባል አገልግሎት አለ፤ ከ72 ሰዓት በፊት ደውሉ ይላል።

ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብትሉኝ እርዳታውን እመርጣለሁ። ማንጠልጠያው የሰው ቅንነት ይጠይቃል፤ እርዳታው ግን መዝገብ ላይ የሰፈረ ነው። አንድ ችግር አለው፤ እርዳታ ጠይቃችሁ ተሽከርካሪ ወንበር ይዘው ሊመጡ ይችላሉ። እኔንም ገጥሞኛል። አለመግባባት ውስጥ ሆኖ ማስረዳት ከባድ ስለሆነ፣ አስቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ ጽፋችሁ ያዙ፦ "መራመድ እችላለሁ። የሚያስፈልገኝ መንገድ የሚያሳየኝ ሰውና ጸጥ ያለ መጠበቂያ ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁኝ።" አውጥቶ ማሳየት ነው፣ መናገር አያስፈልግም።

በአውሮፕላን ማረፊያዎች ውስጥ ጸጥ ያሉ ክፍሎችም እየበዙ ነው። የአየርላንዱ ሻነን በ2016፣ የአሜሪካው ፒትስበርግ በ2019 ከፍተዋል። የፒትስበርጉ ልጁ ኦቲዝም ያለበት አንድ የማረፊያው ሠራተኛ ባቀረበው ሐሳብ የተሠራ ሲሆን፣ ውስጡ ለመለማመጃ የሚሆን የአውሮፕላን ክፍል አስመስለው ሠርተዋል። እንዲህ ያሉ ክፍሎች ሲታዩ የልጆች ስለሚመስሉ ትልቅ ሰው መግባት ያፍራል። ግቡ። ክፍሉ ከሌለ የጸሎት ክፍሉን ወይም ለጊዜው በረራ የሌለበትን በር ፈልጉ።

የጆሮ ነገር ረጅም ክርክር ያስነሣል፤ ሁሉም የራሱን ያወድሳልና። በባትሪ የሚሠራው፣ ጫጫታ የሚያጠፋው ማዳመጫ ጎበዝ የሆነው ዝቅ ባለና በማይቋረጥ ድምፅ ላይ ነው። የሞተር ጉምጉምታ ለምሳሌ ጭጭ ይላል። ድንገተኛ የሕፃን ልቅሶና የድምፅ ማጉያ ማስታወቂያ ግን ያልፉታል። አንዳንዶቻችንን ደግሞ ሲበራ የሚፈጥረው የመታፈን ስሜት ራሱ ያመናል። ስለዚህ ሳትሞክሩ አትግዙ፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም። ሠራተኞች ፋብሪካ ውስጥ የሚያደርጉት ወፍራም የጆሮ መሸፈኛ ርካሽ ነው፣ ባትሪ አይፈልግም፣ ድንገተኛውንም ድምፅ ያደክመዋል። ግን ጭንቅላት ይጨምቃል፤ መነጽር ካደረጋችሁም በእጀታው በኩል ድምፅ ይገባል። ትንንሾቹ የጆሮ መድፈኛዎች ለእንቅልፍ ናቸው። ለረጅም በረራ የባትሪውን፣ ለጣቢያና ለገበያ ወፍራሙን እመርጣለሁ። አንዱን ብቻ መያዝ የሚችል ወፍራሙን ይያዝ። ፍተሻ ላይ ሁሉም እንደሚወልቅ አስቀድማችሁ እወቁት።

ማደሪያ ላይ ምርጫው ሆቴል ወይስ ለአጭር ጊዜ የሚከራይ የሰው ቤት ነው። በቁልፍ ኮድ የሚገባበት ቤት ከማንም ጋር ሳታወሩ ያስገባችኋል፤ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ግን ኮዱ እምቢ ካለ በሌሊት ደጅ ቆማችሁ የማታውቁት ሰው ጋር መደወል ነው። ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ ሰው አለ። በየአገሩ ቅርንጫፍ ያለው ሆቴል ክፍሎቹ ስለሚመሳሰሉም አዲስ ነገር ይቀንሳል። ለመጀመሪያዋ ሌሊት ሆቴል፣ ከዚያ ወደ ቤቱ መዛወር እኔን ይስማማኛል። ቀድማችሁ በኢሜይል ከአሳንሰርና ከምግብ ቤት የራቀ ክፍል ጠይቁ።

"ኦቲዝም ተኮር" ተብለው የምስክር ወረቀት ያገኙ ሆቴሎችና መዝናኛዎችም አሉ። የአሜሪካዋ ሜሳ ከተማ በ2019 እንዲህ ተብላ የተሰየመች የመጀመሪያዋ ከተማ ናት። ክፉ ነገር አይደለም፣ ሠራተኛው ሥልጠና ወስዷል ማለት ነው። ግን ወረቀቱን ብቻ አይታችሁ ገንዘብ አትጨምሩ። ደውላችሁ "አዋቂ ነኝ፣ ብቻዬን ነው የምመጣው፤ ምን ታደርጉልኛላችሁ?" በሉ። ስለ ልጆች መጫወቻ ማውራት ከጀመሩ ነገሩ ገብቷችኋል።

ፕሮግራም ለመያዝ የሚሸጡ አፖች ሞልተዋል። እኔ በወረቀት ነኝ፤ ወረቀት ባትሪ አያልቅበትም። ዋናው ከእያንዳንዱ መስመር ጎን "ይህ ካልሆነስ?" የሚል ቦታ መተው ነው። ባቡሩ ካመለጠኝ ቀጣዩ ስንት ሰዓት ነው? ክፍሉ ካልደረሰ የት እቀመጣለሁ? የደረሳችሁበት ቀን ላይ ደግሞ ምንም አትጻፉ፣ መተኛት ብቻ።

ስለ ፓወር ባንክ፦ ከ100 ዋት-ሰዓት የማይበልጥ ይሁን፤ ይህም ወደ 27,000 ሚሊአምፒር ገደማ ነው። በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው የሚያዘው። በ2025 በርካታ አየር መንገዶች በበረራ ላይ በፓወር ባንክ መሙላትን ስለከለከሉ፣ ማዳመጫውን ሞልታችሁ ተሳፈሩ።

መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ በመጀመሪያው ማሸጊያው፣ ከሐኪም ማዘዣው ጋር፣ በእጅ ሻንጣ። ብዙዎቻችን ትኩረት ለመሰብሰብ የሚረዱ መድኃኒቶችንም እንወስዳለን፤ እነዚህ በየአገሩ ሕጋቸው ይለያያል። ጃፓን አምፌታሚን ያለበትን በሐኪም የታዘዘ ቢሆንም አታስገባም። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የምትሄዱበትን አገር ኤምባሲ በጽሑፍ ጠይቁ፣ መልሱንም አትማችሁ ያዙ።