የጉበቴ ስብ በየትኛው ምርመራ ይለይ?

ዕድሜዬ 52 ነው፤ የክብደትና የቁመት ምጣኔዬ 41 ደርሷል። የጉበት ኢንዛይሞቼ ጤናማ ናቸው ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለካ ጉበት ስብ ሞልቶትም፣ ጠባሳ ይዞም ኢንዛይሙ ላይጨምር ይችላል! አልትራሳውንዱም የሆዴ ስብ ስለጋረደው በግልጽ አላሳየም። ከዕድሜ፣ ከሁለት ኢንዛይሞችና ደም ከሚያረጉት ፕሌትሌቶች ቁጥር የሚሰላው የጉበት ጠባሳ ስጋት ነጥብ፣ ፊብ-4፣ ደግሞ 1.6 ሆነ። ከ1.3 በታች ቢሆን ለከባድ ጠባሳ ብዙም አያሰጋም፣ ከ2.67 በላይ ቢሆን ያሰጋል፤ እኔ መሀል ላይ ቀረሁ።

ሐኪሜ በመርፌ ናሙና መውሰድን አንሥተውልኛል፤ እጅግ ፈርቻለሁ። ከዚያ በፊት የጉበትን ጥንካሬ የሚለካው ፋይብሮስካን፣ ለወፍራም ሰው በተሠራው መመርመሪያ ቢነሣ ውጤቱ ይታመናል? ወይስ ኤምአርአይ ልጠይቅ? በዚህ ያለፋችሁም ሆናችሁ ሐኪሞች፣ እባካችሁ መልሱልኝ።